ይደገም የተባለለት ክንፍ

አውሮፕላን ለምን እንደማይወድቅ አስተምራለሁ። እንጀራዬ ይሄ ነው። ሥራዬን የሚጠይቀኝ ሰው መልሱን ሲሰማ መጀመሪያ ቀና ብሎ በአክብሮት ያየኛል፤ ቀጥሎ «ለመሆኑ አንተ ስንቴ ተሳፍረሃል?» ይለኛል፤ ከዚያ በኋላ አክብሮቱ ወዴት እንደሚሄድ ባላነሳው ይሻላል። ይህ የማወራችሁ ነገር በደረሰብኝ ጊዜ እንኳን ልሳፈር፣ የቆመ አውሮፕላን በእጄ ነክቼ አላውቅም ነበር። ያስተማሩኝ መምህርም አልተሳፈሩም። እሳቸውን ያስተማሩት ተሳፍረው ይሁን አይሁን እንጃ፤ ነገሩ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው።

የማስተምረው ቴፒ ነው፣ መካኒካል ኢንጂነሪንግ። ቴፒን ለማያውቅ ሰው፣ ዝናብ ከሌላው አገር ሁሉ ተጣልቶ የገባባት ከተማ ናት ብዬ ባሳጥረው ይቅር ይበለኝ። ጠመኔያችን ይረጥባል። ዳስተራችን ይሻግታል። ዝናቡ የክፍሉን ቆርቆሮ መደብደብ ሲጀምር ደግሞ መምህሩ አፉን ሲያንቀሳቅስ ይታያል እንጂ ድምፁ አይሰማም። በዚያ ሰዓት ብዙም የቀረባቸው ነገር እንደሌለ በግልጽ የነገሩኝ ተማሪዎች አሉ።

እናቴ ደብረ ብርሃን ነው ያለችው። ይኸው፣ «ነው ያለችው» ብዬ ጻፍኩ። ማረሙን እስካሁን አልለመድኩትም። እናቴ ደብረ ብርሃን ነበረች።

እሑድ እሑድ እደውልላታለሁ። ኔትወርክ ለማግኘት ከግቢያችን በር ወጥቼ ማንጎው ሥር እቆማለሁ፤ ጃንጥላ በአንድ እጅ፣ ስልክ በአንድ እጅ።

«ሰሞኑን ምን አስተማርክ?» ትለኛለች።

«አውሮፕላን እንዴት እንደሚበር።»

«ክንፉን ያርገበግባል እንዴ?»

«አያርገበግብም፣ እማዬ። ዝም ብሎ ዘርግቶ ነው የሚሄደው።»

«አሞራም እኮ ከፍ ካለ በኋላ ዝም ብሎ ይዘረጋል። ሲነሳ ግን ያርገበግባል። አንተ ሲነሳ አይተኸዋል?»

«አላየሁም።»

«እንግዲያው ሳታይ የሰው ልጅ እንዳታሳስት!»

ተመርቄ፣ ማዕረግ ተጭኖልኝ፣ ባደባባይ እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀኝ የለም። እሷ ግን ምድጃ ዳር ቁጭ ብላ ታፋጥጠኛለች።

በዚያ ዓመት ታመመች። እሷ «ትንሽ ወገቤን» ትላለች፤ አብራት ያለችው እህቴ አልማዝ ደግሞ ስልኩን ተቀብላ ወደ ጓሮ እየወጣች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ሌላ ታወራኛለች። ከቴፒ ደብረ ብርሃን በአውቶቡስ ሁለት ቀን ይፈጃል፤ መንገዱ ከተበላሸ ደግሞ የሚፈጀውን መንገዱ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ የክንፉን ምዕራፍ ጨርሼ፣ ፈቃድ ጠይቄ፣ ከጅማ በአውሮፕላን ለመሄድ ወሰንኩ። ለእማዬ ስነግራት ሳቀች፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና ብዙ ቆየ።

«እንግዲያውስ» አለች በመጨረሻ፣ «ክንፉን ደህና አድርገህ አይተህ ና። ያርገበግብ አያርገበግብ እውነቱን አንተው ትነግረኛለህ።»

ቀጠሯችን ይሄ ነበር። ሌላ ነገር አልተባባልንም።

አሁን ወደ ክንፉ ልምጣ። እኔ የተማርኩት፣ እኔም ለተከታታይ ዓመታት ሳስተምር የኖርኩት እንዲህ ነበር። አየር ክንፉን ፊት ለፊት ሲያገኘው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ በላይ፣ አንዱ በታች ይሄዳል። የክንፉ ጀርባ ጎበጥ ያለ ስለሆነ የላይኛው መንገድ ይረዝማል። ሁለቱ አየሮች ደግሞ ከክንፉ ጭራ ላይ እኩል ደርሰው መገናኘት አለባቸው። ስለዚህ የላይኛው ይፈጥናል፤ የፈጠነ አየር ግፊቱ ይቀንሳል፤ ክንፉም ሽቅብ ይነሳል። መጽሐፉ ይህን የማንሳት ኃይል ሊፍት ይለዋል። እኔ እንዲያውም አሳምሬ ነበር የማቀርበው። «ሁለት ጓደኛሞች መንታ መንገድ ላይ ተለያይተው፣ ከገበያው ማዶ እንገናኝ ተባብለው ሲቀጣጠሩ አስቡ» እላለሁ። ተማሪው ይጽፋል፣ እኔ እኮራለሁ፣ ደወል ይደወላል።

በዚያ ዓመት ግን ምስጋና የሚባል ተማሪ ነበረኝ። የጌጫ ከተማ ልጅ ነው፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሁልጊዜ መስኮቱ አጠገብ የሚቀመጥ። «ገብቶኛል» የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ይህን ትምህርት ሳስተምር እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ ማን ቀጠራቸው?»

«እነማንን?»

«ሁለቱን አየሮች። የላይኛው ቀድሞ ቢደርስስ? ለምን ይጠብቀዋል?»

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ የእኔ ሳቅ ግን መልስ የሌለው ሰው ሳቅ ነበር። «ጥሩ ጥያቄ ነው፣ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ» አልኩና ሹልክ አልኩ። መምህር «ጥሩ ጥያቄ ነው» ካላችሁ አላውቀውም ማለቱ መሆኑን እዚሁ ላይ ልንገራችሁ፤ ባልደረቦቼ ይታዘቡኝ።

ቤተ መጻሕፍት ገብቼ አገላበጥኩ። ለካ ማንም አልቀጠራቸውም። የላይኛው አየር በእርግጥ ይፈጥናል፤ ግን ቀጠሮ ስላለበት አይደለም፤ ይፈጥናል ከተባለውም በላይ ፈጥኖ ጭራው ላይ ቀድሞ ይደርሳል። የታችኛው ወደ ኋላ ይቀራል። ክንፉ ላይ የተለያዩት ሁለቱ ከዚያ በኋላ አይገናኙም። ክንፉ የሚነሳው አየሩን ወደ ታች እየመለሰ ስለሚልከው ነው፤ አየሩም በበኩሉ ክንፉን ወደ ላይ ይገፋዋል። ከአውቶቡስ መስኮት እጁን አውጥቶ መዳፉን ቀና ያደረገ ሰው ሁሉ ይህን በእጁ ያውቀዋል፤ ረዳቱ «እጅህን አስገባ!» ብሎ እስኪጮህበት ድረስ።

ይህን ለተማሪዎቼ በቃል ብቻ ልነግራቸው አልፈለግኩም። ከቀርከሃ አጥንት ሠራሁ፤ ቡና ማድረቂያ አልጋ የሚሸፈንበትን ፕላስቲክ ወጥሬ አለበስኩት፤ ክንፍ ሆነ። አከራዬ እትዬ አበበች በረንዳው ላይ ተጋድሞ ሲያዩት «ቃሬዛ ነው?» አሉኝ። ከፒካፕ መኪና ኋላ ሁለት ቋሚ አቁሜ፣ በመካከላቸው ክንፉ ሽቅብ ቁልቁል እንዲንሸራተት አድርጌ፣ ገለባ የተሞላ ጆንያ ከሆዱ አንጠልጥሎ ሲነሳ ማሳየት ነው ሐሳቤ። የጎደለኝ ፒካፑ ነበር። ኃላፊያችን አቶ ደምሰው ፒካፑን በጠየቅኳቸው ቁጥር ነዳጅ የለውም። ነዳጅ ካለው ሾፌሩ የለም። ሾፌሩ ካለ ስብሰባ አለ። ወሩን ሙሉ ክንፌ በረንዳ ላይ ተጋድሞ የእትዬ አበበች ዶሮዎች አደሩበት።

እንግዲህ የዚያን ቀን ጠዋት ነው ነገሩ የጀመረው።

ዘሪሁን ገና ቁርስ ሳልበላ መጣ። ዘሪሁን የኤሌክትሪክ መምህር ነው፤ ቴፒ በአንድ አውቶቡስ መጥተን በአንድ ግቢ ጎን ለጎን የተከራየን ወንድሜ ነው ማለት ይቻላል። «ስልክህን እስቲ» አለኝ። ሰጠሁት። ገለበጠው፣ ጀርባውን ከፈተ፣ ባትሪውን አውጥቶ በብርሃን አየው።

«አብጧል» አለ። «ሊፈነዳ ይችላል። እኔ ጋ ይቆይ።»

እኔ ምንም እብጠት አልታየኝም። ግን የኤሌክትሪክ መምህር ነው፣ አመንኩት።

ቀጥሎ እትዬ አበበች በትሪ ቁርስ ይዘው ገቡ። ጎደሬ ተቀቅሎ፣ በሚጥሚጣ፣ በቅቤ። እትዬ አበበች የዚሁ አገር ተወላጅ፣ ደግ አማኝ ናቸው፤ ነገር ግን በውኃና በመብራት ጉዳይ ከእኔ ጋር ሰላም አግኝተን አናውቅም። የዚያን ቀን ግን ፊቴ ቆመው ዓይናቸውን ጨፍነው ጸለዩልኝ፤ ጸሎቱ ስለረዘመ ጎደሬው ቀዘቀዘ።

«ብላ ልጄ» አሉ። «መንገደኛ ሰው ባዶ ሆዱን...» ቆም አሉ። «ተማሪ ቤት ድረስ እንኳ መንገድ ነው።»

የክንፌ ወሬ ደርሷቸው ተከበርኩ ብዬ አሰብኩ። አትፍረዱብኝ፤ ሰው ክብር ሲርበው እንዲህ ነው።

ቢሮ ስደርስ አቶ ደምሰው በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። «ፒካፑ ተዘጋጅቷል። ነዳጅ ሞልቷል» አሉኝ፣ እኔ ሳልጠይቅ! «ድሮ አውሮፕላን ያርፍበት የነበረው ሜዳ ውሰዳቸው። እስኪመሽ ድረስ ያንተ ነው፤ አትቸኩል።» እጄን ጨበጡና ቶሎ አለቀቁትም። እንደዚያ ያለ የእጅ አጨባበጥ በአዲስ ዓመት ዋዜማ እንኳን ከሳቸው አይቼ አላውቅም።

ሾፌሩ ጋሽ ከድር ፒካፑ ውስጥ ዘፈን ሳይከፍት ሞተር አስነስቶ አያውቅም። የዚያን ቀን ዝም አለ። «ማጫወቻው ተበላሽቷል» አለኝ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል። ከኋላ ተማሪዎቼ ሁሉ በእግራቸው ይከተሉናል። ሁሉ ነው የምላችሁ። ከተመዘገቡ ጀምሮ ያላየኋቸው ልጆች ነበሩባቸው።

ያ ሜዳ ድሮ አነስተኛ አውሮፕላኖች ያርፉበት ነበር ይባላል። አሁን ከብት ይግጥበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ክንፌን በቋሚዎቹ መካከል አስገባሁ፣ ጆንያውን አንጠለጠልኩ፣ ፒካፑ ላይ ቆሜ ስለ አየር አንድ ንግግር አደረግሁ። ከዚያ ለጋሽ ከድር ምልክት ሰጠሁት። መኪናው ፈጠነ። ክንፉ ቋሚዎቹ እስኪንቋቁ ድረስ ቁልቁል ተጫነ። ጆንያው ፒካፑ ላይ ተጣብቆ ቀረ። ለካ ገልብጬ፣ ሆዱን ወደ ላይ አድርጌ ነው ያስገባሁት። መኪና መሬት ላይ የሚያጣብቅ ክንፍ ሠርቻለሁ።

ተማሪዎቼ አጨበጨቡ።

እዚያ ላይ መንቃት ነበረብኝ። የኢንጂነሪንግ ተማሪ መምህሩ ሲሳሳት የሚያደርገውን አውቃለሁ፤ ማጨብጨብ አይደለም። እኔ ግን «ከስህተትም ይማራል» የሚል ሁለተኛ ንግግር አደረግሁ፤ ለዚያም ተጨበጨበ።

ክንፉን ገለበጥነው። ጋሽ ከድር ከሜዳው ጫፍ ተነስቶ ፈጠነ። ፕላስቲኩ ተንጣጣ፤ ከዚያ ዝም አለ፣ ተወጠረ፤ ክንፉ በቋሚዎቹ መካከል ሽቅብ ወጣ። ጆንያው ተንጠልጥሎ አየር ላይ ቆመ። በሕይወቴ በጠመኔ ስስለው የኖርኩት ነገር ከጭንቅላቴ በላይ ቆሞ ነበር። ሁለት እጄን አንስቼ እንደ ልጅ ጮህኩ። «አላርገበገበም!» ነው ያልኩት። እሑድ ማንጎው ሥር ቆሜ የምነግራት ነገር አገኘሁ ብዬ ነው።

«ይደገም!» አለች የክፍሉ ተጠሪ ሰላማዊት።

ደገምነው። «ይደገም!» አሉ። ደገምነው። እኔ መምህር ከሆንኩ ጀምሮ ይደገም ተብሎልኝ አያውቅም፤ ፈተና እንኳን ሲወድቁ ይደገም አይሉኝም። በመጨረሻ ክንፉን ከቋሚዎቹ ጋር የያዘው ገመድ ተበጠሰና ክንፉ ከነጆንያው ከቋሚው ወጥቶ ሄደ። ኳስ ተጫዋቾቹ በያሉበት ተኙ። ክንፉ በላያቸው አልፎ፣ ከብት የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ አጠገብ ተከሰከሰ። ሽማግሌው ዱላቸውን ተደግፈው ዞር ዞር እያሉ አዩት።

«ድሮ እዚህ የሚያርፈውስ ከዚህ ይበልጥ ነበር» አሉ። «ሰው የለውም?»

ተማሪዎቼ ክንፉን ተሸክመው አመጡ፣ አሰሩት፣ «ይደገም!» አሉ። ዝናቡ መጣ። ካፊያ ሲል ከክፍል የሚቀሩ ልጆች ያ ሁሉ ዝናብ ወርዶባቸው አልሄዱም። ምስጋና ብቻ ከዳር ቆሞ መሬት መሬት ያያል። ሄድኩና ትከሻውን ያዝኩት።

«ዛሬስ ጥያቄ የለህም?»

«የለኝም ቲቸር» አለ። «ገብቶኛል።»

ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር፤ እኔ ዝናብ መሰለኝ። ከዚያ ደግሞ የሳይንስ ነገር ልቡን ነክቶት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። እንዲህ ያለ ቂል አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ማታ ዘሪሁን «ቤቴ ያፈሳል» ብሎ ፍራሹን ይዞ እኔ ጋ አደረ። ራት ላይ እኔ ብቻ ነበርኩ የማወራው። «ነገ ስልኬን ስትመልስልኝ ለእማዬ እደውላለሁ። አላርገበገበም ልላት ነው» አልኩት። ዘሪሁን ጉርሻውን አስቀመጠና እጁን ሊታጠብ ወጣ፤ ቶሎም አልተመለሰ።

ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት አቶ ደምሰው ጋቢ ለብሰው ቆመዋል። ከኋላቸው እትዬ አበበች፣ ጋሽ ከድር፣ ከነሱ ኋላ ተማሪዎቼ ግቢውን ሞልተውታል። እውነቱን ልንገራችሁ፤ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ስለ ክንፉ ሊያመሰግኑኝ መጡ የሚል ነበር። ፈገግ አልኩላቸው። ያ ፈገግታ ዛሬም ድረስ ፊቴ ላይ ያቃጥለኛል።

አቶ ደምሰው «እስቲ ቁጭ በል» አሉ። በአገራችን በማለዳ ሰው ተሰብስቦ መጥቶ ቁጭ በል ካለህ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን መናገር አያስፈልገውም። ዘሪሁን ከጀርባዬ መጥቶ ሁለት ክንዴን ያዘኝ።

«እናታችን አርፈዋል» አሉ አቶ ደምሰው። «በርታ፣ ልጄ።»

እማዬ ከትናንት በስቲያ ሌሊት ማረፏን አልማዝ ለዘሪሁን ደውላ ነግራዋለች። ዘሪሁን ለኃላፊው፣ ኃላፊው ለሁሉ። መርዶ ደግሞ በጠራራ ፀሐይ አይነገርም፤ ሰው ቀኑን ውሎ፣ በልቶ፣ ተኝቶ፣ በማለዳ ነው የሚረዳው። «ቀኑን ሥራ ይያዘው፤ ለነገው መንገድ ጉልበት ያስፈልገዋል» ብለው ተማከሩ። ፒካፑ የተፈቀደው ለዚህ ነው። ይደገም የተባለውም ለዚህ ነው። እኔ ፒካፑ ላይ ቆሜ ሁለት እጄን አንስቼ «አላርገበገበም!» እያልኩ በምጮህበት ሰዓት እናቴን እየቀበሯት ነበር።

ተናድጄባቸው ነበር፤ አልዋሽም። ወደ ጅማ ስንጓዝ ቦንጋን እስክናልፍ ድረስ ከማንም ጋር አልተነጋገርኩም። ከዚያ ያ ሁሉ ልጅ ዝናብ ላይ ቆሞ፣ እያወቀ፣ እያለቀሰ፣ ለእኔ ሲል ሲያጨበጭብ ታየኝ። ንዴቱ የት እንደገባ አላውቅም። ማልቀስ ብቻ ቀረኝ።

ሰው አዋጥቶ ቲኬት ገዝቶልን ዘሪሁንና እኔ ከጅማ ተሳፈርን። መቀመጫዬ መስኮቱ ጋ፣ ልክ ክንፉ አጠገብ ነበር። አውሮፕላኑ መንደርደር ሲጀምር ሊያጽናናኝ የመጣው ዘሪሁን ክንዴን ጨመቀው፤ ግንባሩ ላብ በላብ ሆኗል።

«አንተ፣ እውነት ይሄ ነገር ይነሳል?»

«ይነሳል።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«አስተምረው የለም እንዴ!»

ስለ ሊፍት ሹክ እያልኩ አስረዳሁት፤ ሐዘንተኛው አጽናኙን አጽናና። አስረድቼው ስጨርስ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። አያርገበግብም፣ እማዬ። ግን ደግሞ ዝም ብሎም አይደለም። ሲነሳ ጫፉ ትንሽ ሽቅብ ይታጠፋል፣ ደመና ውስጥ ሲገባ ይንቀጠቀጣል፣ ከኋላው ትንንሽ መዝጊያ የሚመስሉ ነገሮች ይከፈታሉ ይዘጋሉ። አንቺም አልተሳሳትሽም፣ እኔም አልተሳሳትኩም። እስክናርፍ ድረስ አንድም ሳይቀር ለሷ እያየሁላት ነበር። ሲያርፍ ነው ማንን እንደምነግር የጠፋኝ።

ደብረ ብርሃን ስንደርስ አልማዝ ድንኳኑ በር ላይ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ለቅሶው ጋብ ሲል ወደ ጓዳ ወሰደችኝ። «መጨረሻ ላይ ‹ተሳፈረ?› ብላ ጠየቀችኝ» አለች። «‹አዎ፣ አሁን አየር ላይ ነው› አልኳት። ዋሸኋት፣ ወንድሜ። ‹እንግዲያው ክንፉን እያየ ነው› አለችና ዓይኗን ጨፈነች።»

ከሐዘን ተመልሼ ክፍል ስገባ ተማሪዎቼ ሁሉ ከመቀመጫቸው ተነሱ። ጥቁር ልብሴን አይተው አንገታቸውን ደፉ። ክንፉን ሰሌዳው ላይ ሳልኩ። ማንም አላወራም፣ ማንም አላዛጋም፤ ሁሉም ይጽፋል። ያ ደግነት እንዴት እንደከበደኝ አልነግራችሁም። ስለ ምንም ነገር ባወራ የሚጽፉልኝ ይመስለኛል።

«ምስጋና የጠየቀው ጥያቄ ነበር» አልኩ። «ማን ቀጠራቸው ብሎ። ማንም አልቀጠራቸውም። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። የላይኛው ቀድሞ ይሄዳል፤ አይጠብቅም። የታችኛው ቢፈጥንም አይደርስበትም። እዚህ ከተለያዩ በኋላ አይገናኙም።»

ጠመኔው እጄ ላይ ተሰበረ። ወደ ሰሌዳው ዞሬ በስባሪው የክንፉን መስመር እንደገና አደመቅኩት። ከኋላዬ እስክሪብቶ ሁሉ ቆሟል።

«ቲቸር» አለ ምስጋና። «አልገባኝም።»

ዞርኩ። ክፍሉ በሙሉ አፍጥጦ አየው፤ ሰላማዊት በክርኗ ጎሸመችው። እሱ አልተቀመጠም።

«ምኑ ነው ያልገባህ?»

«የላይኛው ከሄደ፣ ከደረሰ፣ ካልጠበቀው... የታችኛው ታዲያ ምን ይሠራል?»

መልሱን አውቀው ነበር፤ በአፌ ለማውጣት ነው የከበደኝ።

«እሱ ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ግፊቱ ይበልጣል» አልኩ። «ክንፉን ከሥር ደግፎ የሚይዘው እሱ ነው።»

ምስጋና ሥዕሉን አየ። ራሱን ነቀነቀ።

«አሁንም አልገባኝም» አለ።

እግዜር ይስጠው። አዲስ ጠመኔ አነሳሁና ከመጀመሪያው ጀመርኩለት።